የምግብ ቤት ሠራተኛ እጅ፦ ቧንቧው ሲቋረጥ፣ ፎጣው ሳይደርቅ (ጅማ)

ሄርማታ ማዕድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ ላለ ምግብ ቤት የሠራተኞች የንጽህና ደንብ እየጻፍኩ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ እንዲሆን ነው የምፈልገው፤ ከዚያ ከረዘመ የሚያነበው የለም። ሠራተኞቹ 9 ናቸው፦ ሁለት ወጥ ሠሪዎች፣ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ፣ አንድ ጁስ ሠሪ፣ ሦስት አስተናጋጆች፣ አንዲት ዕቃ አጣቢና አንድ ገንዘብ ተቀባይ። ቧንቧው አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በጠፋ ቀን ከሮቶ በጀሪካን እየተቀዳ ነው የሚሠራው።

እስካሁን የሰፈረው «እጅን ሁልጊዜ በደንብ መታጠብ»፣ «ጓንት ማድረግ»፣ «የጤና ምርመራ ካርድ መያዝ» የሚል ነው። መልሼ ሳነበው ግን ባዶ ሆነብኝ። በቀን ስንት ጊዜ? በስንት ውኃ? በምን ይደርቃል? ክረምቱ በገባ በዚህ ከተማ የተሰጣ ፎጣ መቼ ነው የሚደርቀው? የምታውቁ በቁጥር ንገሩኝ።

አካባቢ ጤና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ አውጪው። ሁልጊዜ ታጠብ የተባለ ሰው መቼ እንደሚታጠብ አልተነገረውም። መጻፍ ያለበት ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ሰዓት ነው። ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ። ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም እንቁላል ነክቶ ወደ ሌላ ሲያልፍ። አፈር ያለበት ድንችና ካሮት ልጦ ሲጨርስ። ብር ወይም ስልክ ከነካ፣ አፍንጫውን ከጠረገ፣ ፀጉሩን ካስተካከለ፣ ቆሻሻ ደፍቶ ከመጣ በኋላ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዳግም እሳት የማያገኘውን ምግብ ሊይዝ ሲል፤ ሰላጣ፣ የተቆረጠ ዳቦ፣ የሚጠቀለል እንጀራ፣ ጁስ ማለቴ ነው። ወጥ ውስጥ የገባ ጀርም አብዛኛው ሲፈላ ይሞታል። ሰላጣ ላይ ያረፈው ግን ሕይወቱን እንደያዘ ደንበኛው አፍ ይደርሳል።

አስተጣጠቡን በተመለከተ፣ ሰው መዳፉን ከመዳፉ እያፋተገ የቀረውን ይረሳል። የሚረሱት ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ አውራ ጣት፣ የጣቶች ጫፍ፣ በጣቶች መካከል ያለው። ደግሞ ወጥ የሚነካውም፣ እንጀራ የሚይዘውም፣ ሎሚ የሚጨምቀውም የጣት ጫፍ ነው። እጅን ማርጠብ፣ ሳሙና መቀባት፣ መዳፍን በመዳፍ፣ የእጅን ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ ሁለቱን አውራ ጣቶች እየጨበጡ ማዞር፣ የጣቶችን ጫፍ መዳፍ ላይ መፈተግ፣ አንጓ ድረስ መውጣት። ሳሙናው እጅ ላይ ሳለ የሚፈተግበት ጊዜ ከ20 ሰከንድ አይነስ። ከማርጠብ እስከ ማድረቅ ሲቆጠር ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይሆናል።

ወደ ውኃው ስንመጣ፣ በቀጭኑ ከሚወርድ ቧንቧ ሥር ለአንድ መታጠብ ግማሽ ሊትር ይበቃል። ምግብና ዕቃ የሚነኩት 8 ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 12 ጊዜ ቢታጠቡ 96 ጊዜ ነው፤ 48 ሊትር። ሁለት ተኩል ጀሪካን አካባቢ ማለት ነው። ይህ ውኃ ለእጅ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ። ከወጥ ቤቱ ውኃ ጋር ከተቀላቀለ፣ ውኃ ባጠረ ቀን በመጀመሪያ የሚቀረው እጅ መታጠብ ነው።

ወጥ ቤት ሹም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

የመታጠቢያው ቦታ ካልተስተካከለ ደንቡ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ወጥ ሠሪዋ ከምድጃዋ ተነስታ አሥር እርምጃ ሄዳ፣ የሰው ወረፋ ጠብቃ አትታጠብም። ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ በወገብ ከፍታ በርጩማ ላይ አስቀምጡ፣ አንዱን ምድጃው አጠገብ፣ ሌላውን ጁስ ቤቱ ጋ። በአንዱ ባልዲ ተሻምቶ መሥራት ቀርቶ ሁሉም ባለበት ይታጠባል። ዕቃ የሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ ደግሞ እጅ አይታጠብም፤ ያ ውኃ የሰሃን እድፍ ያለበት ነው።

የባልዲው ቧንቧ የሚጠመዘዝ ሳይሆን በክርን ገፋ የሚደረግ ቢሆን ይመረጣል። የሚጠመዘዝ ከሆነ የቆሸሸው እጅ ይከፍተዋል፣ የታጠበው እጅ መልሶ ይዘጋዋል፤ እድፉንም መልሶ ይወስዳል።

ሳሙናውን ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ አታስቀምጡት። በውኃ ተዘፍቆ ይሟሟል፣ ይዝላል፣ በሁለት ቀን ያልቃል። የሽንኩርት መረብ ቆርጣችሁ ውስጡ ክተቱና ከባልዲው ጎን በገመድ አንጠልጥሉት። ከእነመረቡ ነው እጅ ላይ የሚፈተገው፤ ውኃው ይንጠባጠብለታል፣ ይደርቃል፣ ኪስ ውስጥ ገብቶም አይጠፋም።

አስተናጋጅ 12 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ውኃው ሙቅ መሆን አለበት ይባላል። ሳኒታይዘር ካለስ መታጠቡ ይቀራል?

አካባቢ ጤና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ጀርሙን ከእጅ የሚያነሳው ሳሙናውና መፋተጉ ነው፤ የውኃው ሙቀት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። እጅ የሚችለው ሙቀት ጀርም አይገድልም፤ ጀርም የሚገድል ሙቀት ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ለብ ያለ ውኃ የሚጠቅመው ሰው በጠዋቱ ብርድ እንዳይሸሽ ነው፤ ቅቤና ዘይትም በቶሎ ይለቃል።

ሳኒታይዘር ለታክሲ ረዳት ይሆናል፤ ለወጥ ቤት አይበቃም። ቅባትና እድፍ ያለበት እጅ ላይ አልኮሉ አይሠራም። ከዚያም በላይ ሁለት ነገሮች አልኮልን ይቋቋማሉ፦ የአሜባና የጃርዲያ ዕንቁላል መሰል ቅርፊቶች (ሲስት የሚባሉት)፣ እንዲሁም ማስመለስና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ። ከመጸዳጃ ቤት ጋር ከሚመጡት ዋና ዋናዎቹ መካከል ናቸው። ሳሙናና ውኃ አይገድሏቸውም፣ ግን አጥበው ያወርዷቸዋል።

ላብ ቴክ ጅሬን | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ስለ ጤና ምርመራ ካርዱ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ባለ ምግብ ቤት በዚህ ካርድ ላይ ያለው እምነት ከሚገባው በላይ ነው።

ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚገኙት የአሜባ፣ የጃርዲያና የሆድ ትላትል ምልክቶች ናቸው። ታይፎይድንና ሌላውን ሳልሞኔላ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ የሚያመጣውን ሺጌላ በማይክሮስኮፕ ለይቶ ማየት አይቻልም፤ ካልቸር፣ ማለት ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት ያስፈልጋል። ቫይረስማ በዚህ ምርመራ ጨርሶ አይታይም። አሜባና ጃርዲያም ቢሆን በየቀኑ አይወጡም፤ ዛሬ ነጻ የሆነ ሰገራ ከነገ ወዲያ ሊገኝበት ይችላል። በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ መመርመር አንድ ጊዜ ከመመርመር እጅግ ይበልጣል። ሌላም አለ፦ በሽታ የሚያመጣው አሜባና የማያመጣው አቻው በማይክሮስኮፕ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ «አሜባ አለበት» የተባለ ሠራተኛ ሁሉ ሕመምተኛ ነው ማለት አይደለም።

ለታይፎይድ ተብሎ የሚሠራው የደም ምርመራ (ዊዳል) ለዚህ ጉዳይ አያገለግልም። ቀድሞ የታመመም ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ተሸካሚ የሆነው ደግሞ ሊያመልጥ ይችላል። በታይፎይድ ከታመሙት ከ100 ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ከዳኑ በኋላም ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው፣ ምንም ሳይሰማቸው ለዓመታት በሰገራ ያወጡታል። በ1907 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኒው ዮርክ የተያዘችው ሜሪ ማሎን የተባለች ወጥ ሠሪ የዚህ ምሳሌ ናት፤ ጤነኛ ነበረች። በሽታውን ያስተላለፈው ምግቧ ምን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ በዋናነት የተጠረጠረው ጥሬ ኮክ የተጨመረበት አይስ ክሬም ነው። ያበሰለችው ትኩስ ምግብ አልተከሰሰም። ለምን ቢባል እሳቱ ገድሎታል። አካባቢ ጤና «ዳግም እሳት የማያገኘው» ያሉት ነጥብ ይኸው ነው።

ካርዱ ይታደስ፤ ሕግ ነው፣ ጥቅምም አለው። ግን ካርዱ የሚናገረው ስለ አንድ ቀን ሰገራ ነው። እጁ ስለ ዛሬ ነው።

ጁስና ፍራፍሬ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ወንድሜ ላብ ቴክ፣ አመሰግናለሁ። ታዲያ ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት ጁስ ሠሪው ነው ማለት ነው? ጅማ ላይ ደግሞ ያለ አቮካዶ ጁስ የሚውል ቤት የለም።

ወጥ ቤት ሹም | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡45

በትክክል እሱ ነው። አቮካዶው ከነልጣጩ ይታጠባል፤ «ልጣጩ ይጣል የለ» የሚለው ሐሳብ ስህተት ነው። ቢላው ከላይ ገብቶ የልጣጩን አፈር ወደ ውስጠኛው ይዞት ይገባል። በቧንቧ ውኃ በብሩሽ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ይቆረጣል። ሥጋው በማንኪያ ይወጣል፤ በጣት መጥረግ የለም። ሎሚው በመጭመቂያ ይጨመቅ፤ በእጅ ከተጨመቀ በጣቶች መካከል ተንጠባጥቦ ነው የሚገባው።

የጁስ መፍጫው ብርጭቆ ከላይ ታጥቦ ንጹህ ይመስላል። ከታች ቢላው ሥር ያለውን ጎማ ፈትታችሁ እዩት፤ የትናንት ማንጎ እዚያ ነው የሚገኘው። ማታ ማታ ይፈታ፣ ጎማው በብሩሽ ይታጠብ፣ ሳይገጠም ይደር።

ጁስ ሠሪው ብር አይቀበል። ይህ በደንቡ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ገንዘብ ተቀባይ ስላላችሁ ሰበብ የለም።

አስተናጋጅ 12 | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ጓንት አድርጎ ቢሠራስ? ደንበኛም ደስ ይለዋል።

ወጥ ቤት ሹም | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡00

ጓንት ደንበኛውን ያስደስታል እንጂ ምግቡን ሁልጊዜ አይጠብቅም። ባዶ እጅ ሲቆሽሽ ይሰማል፤ ይጨቀያል፣ ይሞጨሞጫል፣ ሰውየው ራሱ መታጠብ ያምረዋል። ጓንት ያደረገ ሰው ግን አይሰማውም። በዚያው ጓንት ሥጋ ቆርጦ፣ ብር ተቀብሎ፣ ስልክ አንስቶ፣ ዳቦ ይሰጣል። ውስጡ ደግሞ እጅ ያልበዋል፤ ትንሽ ከተቀደደ ያ ላብ ምግቡ ላይ ይንጠባጠባል።

ጓንት የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች የተወሰኑ ናቸው፦ ሰላጣ ሲደባለቅ፣ ጣት ላይ በፕላስተር የተሸፈነ ቁስል ሲኖር፣ ጥሬ ክትፎ ሲለወስ። እጅ ታጥቦ ደርቆ ይደረጋል፣ ያ ሥራ ሲያልቅ ይጣላል። ሥራው ሳይቀየር ቢረዝምም ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም። ታጥቦ መልሶ አይደረግም። ለቀረው ሥራ መቆንጠጫ፣ ማንኪያ፣ ጭልፋ አለ። አስተናጋጅ ዳቦን በመቆንጠጫ ካቀረበ ጓንት ምን ያደርግለታል?

ስለ ክትፎ ካነሳሁ ዘንድ፣ ኮሶ ትል ከወጥ ሠሪው እጅ አይመጣም፤ ከሥጋው ነው። እጅ መታጠብ እሱን አያስቀርም፣ ማብሰል ነው የሚያስቀረው። ሁለቱን አናደባልቅ።

ሌላም ሁሉም የሚያደርገው፣ ማንም የማይጽፈው ነገር አለ፤ ወጥ መቅመስ። በማማሰያው መዳፍ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ መዳፉ ይላሳል፣ ማማሰያው ወደ ድስቱ ይመለሳል፣ እጁ በሽርጥ ይጠረጋል። በአንዴ ምራቅ እጅ ላይም ሽርጥ ላይም ደረሰ። የሚሻለው ከጭልፋው ትንሽ ወጥ በቡና ሲኒ ቀድቶ ሌላ ማንኪያ ይዞ ከሲኒው መቅመስ ነው። ማንኪያው ድስት ውስጥ አይገባም። አጠገቡ የንጹህና የተቀመሰበት ማንኪያ ሁለት ብርጭቆ ይቀመጥ።

ላብ ቴክ ጅሬን | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

እትዬ ሹም በጻፉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ አካባቢ ጤና «ሲፈላ ይሞታል» ያሉት የማይሠራበት አንድ ባክቴሪያ አለ። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ (በአጭሩ ስታፍ) ይባላል። ብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫው ውስጥ ይዞት ነው የሚኖረው፤ እባጭና መግል ያለበት ቁስል ደግሞ የእሱ ቤት ነው። ከእጅ ወደ ተቀቀለ ድንች፣ ወደ ፓስታ፣ ወደ ቀዘቀዘ ሥጋ ይገባል። ምግቡ በቤቱ ሙቀት ሲቆይ ይራባል፣ መርዝም ያወጣል። ችግሩ መርዙ ነው። ባክቴሪያው ሲፈላ ይሞታል፣ መርዙ ግን ቢፈላም አይጠፋም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ይህ ባክቴሪያውን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው፣ ያን መርዝ ለማጥፋት ግን 100ም ቢሆን አይበቃም። የበላው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስመልሰዋል።

ስለዚህ ምሳ የተረፈውን «ማታ እናሞቀዋለን» ብሎ ክዳን ገጥሞ ጠረጴዛ ላይ ማቆየት መፍትሔ አይሆንም። ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደሞቀ ይቆያል፣ ወይ በትናንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይገባል።

ቁስል ያለበት ሠራተኛ ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፍን፣ ከላይ ጓንት ያድርግ። ፕላስተሩ ሰማያዊ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ሰማያዊ ምግብ ስለሌለ ወጥ ውስጥ ቢወድቅ ይታያል። መግል ያለበትና ሊሸፈን የማይችል ከሆነ፣ እስኪድን ምግብ አይንካ።

የጀበና ቡና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

እዚህ ስለ ቡና ያነሳ የለም፤ አገሩ ጅማ ሆኖ! ቡናው ራሱ ፈልቶ ስለሚቀዳ አያሳስብም። ሲኒው ነው። አንድ ሳፋ ውኃ ከጠዋት እስከ ማታ ሲኒ ይነከርበታል፤ ከ30ኛው ሲኒ በኋላ ያ ውኃ የ30 ሰው ከንፈር ያረፈበት ነው። ሁለት ሳፋ ይሁን፣ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ማለቅለቂያ፣ ማለቅለቂያውም በየ20 ሲኒው ይቀየር። ካልተቻለ ከጀሪካን በቀጭኑ እያፈሰሱ ማለቅለቅ ይሻላል። ረከቦት ላይ ተደፍቶ ይድረቅ፤ በጨርቅ አይወልወል።

ሲኒን ከሥሩ ወይም ከጎኑ ይዞ ማቅረብ፣ ጣት ከንፈር በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ አለማሳረፍ። አራት ሲኒ በአንድ እጅ ጣትን ውስጥ ከትቶ ማንሳት ቅልጥፍና ይመስላል፤ መቆም አለበት። ፈንዲሻና ቆሎ በማንኪያ ይቅረብ።

ሄርማታ ማዕድ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። ስለ በረኪና አንድ ጥያቄ፦ በጀሪካን ውኃ አንድ ብርጭቆ በረኪና ጨምሮ ዕቃም ሰላጣም ማለቅለቅ ልክ ነው? እንደዚያ ተብሎ ነው የሚሠራው።

አካባቢ ጤና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ልክ አይደለም። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በ20 ሊትር ውኃ፣ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ፣ በሊትር 500 ሚሊ ግራም ክሎሪን ያደርገዋል። ለዕቃ 100 ይበቃል። ማስሊያው ቀላል ነው፦ የምትፈልጊውን መጠን በሊትሩ አባዢ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ያለውን በመቶኛ በ10 አባዝተሽ አካፍዪበት። 100 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል በ50፣ ይሆናል 40 ሚሊ ሊትር። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያልሞላ። ጠርሙሱ 4 በመቶ ቢል 50 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሽታ የተጨመረበትን ለምግብ ዕቃ አትጠቀሙ።

ዕቃው በመጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ይለቅለቅ፣ ከዚያ ነው ክሎሪን ውስጥ የሚገባው። ቅባትና የምግብ ትርፍራፊ ክሎሪኑን ይበላዋል። የተበጠበጠው ውኃ ለነገ አይተርፍም፤ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ማቀላቀል ክልክል ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ሰላጣውን በሚመለከት በረኪና ሰዎችን ያዘናጋል። የአሜባ ሲስትና የወስፋት ዕንቁላል በዚህ መጠን አይሞቱም። የሚያወርዳቸው ቅጠሉን አንድ በአንድ ነጥሎ በሚፈስ ውኃ እየፈተጉ ማጠብ ነው፤ በተለይ በቆሻሻ ውኃ ዳር የተተከለ ሰላጣ ከሆነ። በነገራችን ላይ ወስፋት ከሠራተኛው ትኩስ ሰገራ በቀጥታ አይተላለፍም፤ ዕንቁላሉ ለመብሰል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አፈር ውስጥ መቆየት አለበት። ከአፈር ነው የሚመጣው፣ ከካሮቱ፣ ከድንቹ፣ ከጥፍር ሥር። ስለዚህ ጥፍር ከጣት ጫፍ እንዳይወጣ ሆኖ ይቆረጥ።

አስተናጋጅ 12 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ሂና የተቀባች ልጅ ምግብ መንካት ትችላለች? ቀለበትስ?

ወጥ ቤት ሹም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ሂና ቆዳ ውስጥ የገባ ቀለም ነው፣ አይላጥም፤ ትሥራ። የጥፍር ቀለም ግን እየተፈነቀለ ይወድቃል፣ ከሥሩ ያለውንም እድፍ ይሸፍናል። ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት ሲገቡ ይውለቁ፤ ሳሙና ከሥራቸው አይገባም። ሻሽ የጆሮ ጀርባ ድረስ ይሸፍን።

አካባቢ ጤና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሽርጡ መጸዳጃ ቤት አይግባ። ከመጸዳጃ ቤቱ በር ውጭ ሚስማር ይመታና ሽርጥ እዚያ ተሰቅሎ ይገባል። እዚህ አብዛኛው ሰው በውኃ ስለሚታጠብ የማንቆርቆሪያው እጀታና የበሩ መቀርቀሪያ ከሁሉ የበለጠ የሚነኩ ነገሮች ናቸው፤ በየቀኑ በበረኪና ውኃ ይወልወሉ። ሳሙናው መጸዳጃ ቤቱ ጋ ይኑር፣ ወጥ ቤት ሲደረስ ደግሞ ሁለተኛ ይታጠብ። በመካከል በር አለ፣ መጋረጃ አለ፣ ስልክ አለ። ውዱእ ያደረገ ሰውም ወደ ምግቡ ሲመለስ በሳሙና ይታጠብ፤ ውዱእ በውኃ ብቻ ነውና።

ጁስና ፍራፍሬ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

የታመመ ሠራተኛስ? እውነቱን እንነጋገር። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሰው ተቅማጥ ይዞታል ብሎ ቤቱ አይውልም። ደብቆ ይመጣል።

አካባቢ ጤና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ስለዚህ ደንቡ የሠራተኛው ብቻ አይሁን፣ የባለቤቱም ይሁን። ተቅማጥ ወይም ማስመለስ የያዘው ሰው፣ መጨረሻ ጊዜ ካስመለሰበት ወይም ካስቀመጠው በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላ ወጥ ቤት አይገባም። ተሽሎት ሳለ እንኳ ቫይረሱ መውጣቱን አያቆምም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ማለት የወፍ በሽታ የያዘው፣ ቢጫነቱ ከጀመረ ቢያንስ 7 ቀን ከምግብ ይራቅና ሐኪም ይየው። ታይፎይድ ተብሎ በሐኪም የተረጋገጠበት ሰው የሰገራ ካልቸሩ ነጻ ሳይሆን አይመለስ።

የእነዚያ ቀናት ሒሳቡ ይከፈለው። የማይከፈለው ከሆነ ሕመሙን መደበቅ አማራጩ ይሆናል፣ ያኔ ደንቡን የጣሰው ባለቤቱ ነው። ዘጠኝ ሠራተኛ ላለው ቤት የአንድ ሰው የሁለት ቀን ክፍያ፣ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ የታመመ ደንበኛ ከሚያስከትለው ያንሳል።

ወጥ ቤት ሹም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር አልስማማም። የወፍ በሽታን «ዓይኑ ቢጫ ሲሆን እናስወጣዋለን» ማለት ብዙም አይረዳም።

ላብ ቴክ ጅሬን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እትዬ ልክ ናቸው። በምግብ የሚተላለፈው የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ኤ) ዋናው የመተላለፊያ ጊዜው ዓይን ቢጫ ከመሆኑ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። ሰውየው ራሱ አያውቅም። ማስወጣቱ ይቀጥል፤ ግን ያን ሁለት ሳምንት የሚሸፍነው ሳሙናው ብቻ ነው።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰው ካስመለሰስ? መጥረጊያ ይዞ ሮጦ መጥረግ ያባዛዋል። ጓንት ይደረግ፣ በሶፍት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ይሸፈን፣ ከላዩ ጠንካራ የበረኪና ውኃ ይፍሰስ፤ በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ ጣሳ በረኪና በዘጠኝ ጣሳ ውኃ። 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይነሳ። አጠገቡ ክፍት የነበረ ምግብ ሁሉ ይጣል። ወጥ ሠሪዎች ይህን ሥራ አይሥሩ።

ሄርማታ ማዕድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

ፎጣው ግን አልተመለሰልኝም። ሽርጥ ላይ መጥረግ እንዳይኖር ከተባለ፣ በምን ይድረቅ?

ወጥ ቤት ሹም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

እርጥብ እጅ ከደረቀ እጅ ይልቅ ጀርም ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ማድረቁ የመታጠቡ ክፍል ነው። ሶፍት ለሁሉም ጊዜ ውድ ከሆነ ከመጸዳጃ ቤት በኋላና ሰላጣና ጁስ ከመነካቱ በፊት ብቻ ይሁን። ለቀረው የየራስ ቁራጭ ፎጣ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 70 በ140 ሳንቲ ሜትር የሆነ የገላ ፎጣ 35 በ35 ሲቆረጥ 8 ቁራጭ ይወጣዋል። 8 ሰው በቀን ሦስት ሦስት ቢይዝ 24 ቁራጭ ነው፤ ሦስት ፎጣ። ክረምት ላይ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው እንዲኖር በእጥፍ ይሁን፦ ስድስት ፎጣ። ጫፉ በየሰው በተለያየ ቀለም ክር ይዘምዘም። ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በፊት አንድ፣ ከሰዓት አንድ፤ የተጠቀሙበት በክዳን ባልዲ ውስጥ ይገባል። ማታ በሳሙና ታጥቦ ይቀቀላል።

ውጭ አይሰጣ፣ እዚህ ክረምት ላይ በሁለት ቀንም አይደርቅ፣ ሻጋታ ይሸታል። የእንጀራ ምጣዱ ያለበት ክፍል ከጣሪያው ሥር ገመድ ይወጠር። ጋገራው ካለቀ በኋላ ምጣዱ የሚቀረው ሙቀት ያደርቀዋል። ጭስ ካለበት ምጣድ ይራቅ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ በቀጥታ ከላዩ ይሁን፣ ግን ከምጣዱ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል።

አካባቢ ጤና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

ፈሳሽ ሳሙና የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሲያልቅ ከላዩ መጨመር የለም። ላርጎውን በውኃ ማቅጠንም እንዲሁ። የቀጠነ ሳሙና ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ሰው እጁን እየታጠበ ጀርም ይቀባል። ጠርሙሱ ባዶ ይሁን፣ በፈላ ውኃ ይለቅለቅ፣ ደርቆ ይሞላ። ሌላው፣ በረኪናና ኦሞ ሲነካ የሚውል የዕቃ አጣቢዋ እጅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ያ ስታፍ ይገባል። ወፍራም የጎማ ጓንት ይገዛላት፣ ማታ ቫዝሊን ትቀባ።

ሄርማታ ማዕድ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ገጹን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፤ ስህተት ካለ አርሙኝ። ከላይ «ዳግም እሳት የማይነካውን ከመንካትህ በፊት ታጠብ» በትልቅ ፊደል። ከሥሩ የመታጠቢያዎቹ ሰዓቶች። ጁስ ሠሪ ብር አይቀበልም። ሲኒ ውስጥ ቅመስ፣ መዳፍ ላይ አይደለም። ሽርጥ በሚስማሩ ላይ ሰቅለህ ግባ። ካስቀመጠህ ወይም ካስመለሰህ ንገር፤ ቀንህ ይከፈልሃል። በመጨረሻም በየሰዉ ቀለም የፎጣ ሰንጠረዥ። ባልዲዎቹ ምድጃው አጠገብና ጁስ ቤቱ ጋ ባለ 20 ሊትር ሆነው፣ ከሥር የሚቀበል ባለ 10 ሊትር ሳፋ ይቀመጥላቸዋል።

ወጥ ቤት ሹም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡25

ደንቡ ጥሩ ነው። ለእንጀራ ጋጋሪዋ ግን ምንም አልጻፍሽም። የጋገረችው ትኩስ እንጀራ አይጎዳም፤ ሰፌድ ላይ ቀዝቅዞ ሲደራረብና ሲጠቀለል ነው እጇ የሚያገኘው። «ከመጠቅለልሽ በፊት» ተብሎ ይጨመር፣ ሦስተኛ ባልዲም ለእሷ ክፍል።

አካባቢ ጤና | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሳፋው አይበቃም። ከላይ የገባው 20 ሊትር ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከግማሽ በኋላ 10 ሊትሩ ሞልቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል። ያኔ ወለሉ እንዳይረጥብ ብለው መታጠብ ይተዋሉ። ከታች ባለ 25 ባልዲ፣ ከላይ ካለው የሚበልጥ ይሁን፣ የላይኛው በተሞላ ቁጥር የታችኛው ይደፋ። የሚደፋውም ፍሳሽ መስመሩ ውስጥ እንጂ በደጅ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርደው ቦይ አይሁን።

ሄርማታ ማዕድ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሦስት ባለ 25 ባልዲ ነገ ከመርካቶ ይገዛል። የእንጀራ ጋጋሪዋን መስመር ሁለተኛ ላይ አስገብቼዋለሁ።